ተረኛ መድኃኒት ቤት አለን፤ ተረኛ ጠበቃስ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ልጅ ቢታመም የት እንደሚኬድ ሰው ያውቃል። ተረኛው መድኃኒት ቤት የትኛው እንደሆነ ባይታወቅ እንኳ ዘበኛ ይጠየቃል፣ ባጃጅ ያደርሳል። ዓርብ ማታ ሰው ቢታሰርስ? እስከ ሰኞ ይጠበቃል። ሰኞም ቢሆን ጠበቃ የሚገኘው ገንዘብ ላለው ነው። ይህን የምጽፈው ራሴ በዚህች ከተማ ጥብቅና ቆሜ እንጀራዬን የምበላ ሰው ሆኜ ነውና ወቀሳው እኔንም ይነካል።

አንድ የክረምት ጠዋት ወደ ችሎት ስሄድ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አንዲት እናት ባና ተከናንበው ተቀምጠው አየሁ። ከመንዝ ነው የመጡት። በአንድ እጃቸው የበሶ ቋጠሮ፣ በሌላው ፌስታል ይዘዋል። ልጃቸው እዚህ ከተማ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከተያዘ አራተኛ ቀኑ ነው። ስንቁን ይቀበሏቸዋል፣ ልጁን ግን አላዩትም።

«እማማ፣ ክሱ ምንድን ነው አሏችሁ?» አልኳቸው።

«ክስማ የለም አሉኝ፣ የኔ ጌታ። ክስ ከሌለ ለምን አትለቁትም፣ ካልሆነም ጠበቃ ላቁምለት ብል፣ ክስ ስለሌለ ነው ጠበቃ የማያስፈልገው አሉኝ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ያ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳያውቀው የሕጋችንን ትልቁን ቀዳዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረው ገባኝ።

ሕገ መንግሥቱን እናንብበው። አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን መብት ይዘረዝራል፦ ለምን እንደተያዙ በሚገባቸው ቋንቋ ማወቅ፣ ዝም ማለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ በዋስ መፈታት። ጠበቃ የሚል ቃል ግን የለበትም። መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆም የሚያስገድደው አንቀጽ 20 ነው፤ እሱ የሚናገረው ደግሞ ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው፣ ያውም አቅም ለሌላቸውና ፍትሕ ይጓደላል ተብሎ ሲታመን። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አማካሪ ላለው ነው እንግዲህ። በመያዝና በመከሰስ መካከል ያለው ጊዜ፣ ሰው የሚደበደብበት፣ ያላለውን ብሏል ተብሎ የሚፈርምበት፣ እናት በር ላይ የምታድርበት ጊዜ፣ ለድሃ ሰው ጠበቃ የለሽ ነው። በክልል ፍርድ ቤቶች ሥር ያሉት ተከላካይ ጠበቆችም በአብዛኛው የሚመጡት ክስ ተከፍቶ፣ የምርመራው መዝገብ ካለቀ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ የ48 ሰዓቱ ቆጠራ በእኛ አገር ሌላ ጣጣ አለው። ሕገ መንግሥቱም ሆነ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ እንደማይቆጠር ይናገራሉ። በ1954 ዓ.ም. በበቅሎ ዘመን ይህ ሚዛናዊ ድንጋጌ ነበር። ዛሬ ግን ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ የተያዘ ሰው «መንገድ ተዘግቶ ነው» ሲባል ማን ይከራከራል? አንዳንዴ መንገዱ እውነትም ተዘግቷል፤ ያለፉትን ዓመታት እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አንዳንዴ ግን የተዘጋው ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን ዳኛው ፊት ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይመዘገባሉ።

ፍርድ ቤት ከቀረቡ በኋላ ደግሞ ጊዜ ቀጠሮ ይመጣል፤ ፖሊስ ምርመራዬን እስክጨርስ ሰውየው ታስሮ ይቆይልኝ ብሎ የሚጠይቀው ጊዜ ማለት ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም። ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ግን ሕጉ አልተናገረም። ስለዚህ «ምስክር ቀርቶናል፣ የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣም» የሚለው ማመልከቻ ቀኑ ብቻ እየተለወጠ ይቀርባል። መርማሪው ባለፉት 14 ቀናት ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃ በቆመበት ችሎትና ባልቆመበት ችሎት መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኔ አይቻለሁ። ዳኞቻችን ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ዳኛ የሚወስነው በቀረበለት ነገር ላይ ነው፣ ከሁለቱ ወገን አንዱ ደግሞ ምንም አላቀረበም።

ይኸው የ1954 ሕግ በአንቀጽ 61 አንድ የምወደው ነገር አለው። የታሰረ ሰው ወዲያው ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል፤ ከጠየቀም የሚጽፍበት መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። ብዕርና ወረቀት! ከስልሳ ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ኖሯል፣ አንድ እስረኛ ግን ወረቀት ስጡኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መብቱ እንዳለ ማን ነግሮት?

አባቶቻችን ሙግት አዋቂ ነበሩ። መንዝና ተጉለት ላይ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል፣ የርስቱ ክርክርም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ደብረ ብርሃንን የመሠረታት ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በእሱ ዘመን ነው ተብሎ ይተረካል። የከተማችን ሰው ይህን ማውራት ደስ ይለዋል፣ እኔም እወዳለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁራኛ ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጭካኔው አይካድም፣ ይመለስ የሚልም የለም። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ከሳሹም ታስሯል። ስለዚህ ከሳሹም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይቸኩል ነበር። ዛሬ ተጨማሪ 14 ቀን የሚጠይቀው ወገን ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣሁት አገር አቀፍ የጠበቆች ማኅበር ስላለን ነው። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል፣ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሁሉ አባል እንዲሆን አስገድዷል፣ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቅዷል። ትልቅ ነገር ነው። ሙያው በፈቃደኞች ስብሰባ ከመኖር ወጥቶ የራሱ ቤት አገኘ። ጥያቄዬ ያ ቤት በሩ ወዴት ይከፈታል የሚል ነው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በሚደረግ የምክክር መድረክ ስለ ፍትሕ ሥርዓት ማሻሻያ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እኔም ተሳትፌ ቡናውን ጠጥቼ፣ ቦርሳውን ተቀብዬ ተመልሻለሁ። ታርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ግን የዚያ ውይይት ድምፅ አይሰማም።

ሸዋ ሮቢትን በከንቱ አላነሣኋትም። እዚያ ያለው የፌዴራል ማረሚያ ቤት ነው። በነሐሴ 2008 መጨረሻ አዲስ አበባ ያለው የቂሊንጦ እስር ቤት ከተቃጠለ በኋላ ወደዚያ ተወስደው የነበሩ ተከሳሾች ድብደባና ስቃይ ደረሰብን ብለው ለፍርድ ቤት አመልክተው ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ሰብአዊ መብት ኮሚሽን እንዲያጣራ አዝዞ ነበር። ያ አቤቱታ መዝገብ ላይ ሊሰፍር የቻለው ተከሳሾቹ ችሎት ስለነበራቸው ነው። ከችሎት በፊት የሚሆነውን ማን ይመዘግበዋል?

ሙያው ከመሐል አገር ተነሥቶ እስከ መንዝ ድረስ የደረሰበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ አይሆንም አትበሉኝ። በ1980ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥቂት ሴቶች የጀመሩት ነበር። ለተበደሉ ሴቶች ፍርድ ቤት ቆመው ተከራከሩ፣ ከዚያ ከችሎቱ ያዩትን ይዘው ሕጉ ይለወጥ ብለው ጮኹ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረው አንቀጽም በአዲሱ የወንጀል ሕግ ቀረ። የአማራ ክልል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የነበረው መግለጫ ሳይሆን ደንበኛ ነው። ማስረጃቸውን ያመጡት ከችሎት ነው፣ የተሰሙትም ለዚያ ይመስለኛል።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም አየን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ አገልግሎታቸውም ሟሸሸ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፣ ደስም አለን። ኅዳርና ታኅሣሥ 2017 ላይ ግን እንደገና ጥቂት የመብት ድርጅቶች ታገዱ፤ ከነሱ መካከል የሕግ ባለሙያዎች ለሰብአዊ መብቶች የተባለው ይገኝበታል። እግዱ ከወራት በኋላ ተነሥቷል። በእርዳታ ገንዘብ የሚቆም ጥብቅና በአንድ ደብዳቤ እንደሚቆም ከዚህ በላይ ማሳያ አልፈልግም።

የጠበቃ ሰዓት ግን በደብዳቤ አይታገድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። 50 ሰዓት ብዙ አይደለም፤ አንድ የርስት ክርክር ብቻውን ይበላዋል። ብዙዎቻችን ይህን ሰዓት የምንሞላው እንዴት ነው? የዘመድ ውል በመጻፍ፣ ለሰፈር ሰው ምክር በመስጠት፣ ፈቃድ ሲታደስ ደግሞ ያንን በመቁጠር። ይህ ሰዓት የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ ይዋል ነው የምለው። አንድ ጠበቃ በተራው፣ ስልኩ ፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በ48ቱ ሰዓት ውስጥ የተያዘውን ሰው አነጋግሮ፣ ከሱ ጋር ዳኛ ፊት ይቁም። ስሙን ተረኛ ጠበቃ እንበለው።

ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ይሉኛል። አንደኛው፣ አብዛኞቻችን የክልል ፈቃድ ነው ያለን፣ የፌዴራሉ ማኅበር አያዝዘንም ይላሉ። እውነት ነው፣ ፈቃዱን የሚሰጠን ክልሉ ነው። ታዲያ የሚታሰረው ሰው የፌዴራልና የክልል ተብሎ ነው የሚታሰረው? ማኅበሩ የክልል ጠበቆችን ለማቀፍ ሕግ እስኪወጣ ከመጠበቅ እዚህ ካሉት ጋር ተነጋግሮ አንድ ዝርዝር ማውጣት ይችላል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሥር ወር ያህል ቆይቷል፤ አዋጁ ካበቃ በኋላም ግጭቱ አላበቃም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለታሰረ ሰው የቆመ ጠበቃ የእነ እገሌ ደጋፊ ይባላል። ይህን ፍርሃት አላቃልልም፤ እኔም ማታ ስልኬ ሲጠራ ማን ይሆን እላለሁ። ለዚህም ነው ነገሩ የአንድ ደፋር ጠበቃ መሆን የሌለበት። በራሱ ፈቃድ የሄደ ሰው ለምን ሄድክ ይባላል፤ ተራው ስለሆነ የሄደ ሰው ግን መልሱ ያለቀለት ነው፣ ተረኛ መድኃኒት ሻጭን ለማን ሸጥክ ብሎ የሚይዘው የለም። ማኅበሩ ሊሰጠን የሚችለው ትልቁ ከለላም ይኸው ነው፤ ተራውን በማኅተም ይጻፍልን፣ አንዳችን ብንያዝ ደግሞ በዚያው ቀን ስማችንን ጠርቶ ይጠይቅልን።

የእኛም ጥፋት አለ። ፍርድ ቤት በር ላይ ባለጉዳይ የሚጎትቱ ደላሎች ለማን እንደሚጎትቱ እናውቃለን። ራፖር ጸሐፊው በመቶ ብር የጻፈውን ማመልከቻ እኛ በሺህ ስንሸጠው የገበሬው ልጅ ጠበቃን ከዳኛም ከፖሊስም በላይ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ከወለጋ ተፈናቅለው በቻይና ካምፕና በወይንሸት የተጠለሉት ወገኖቻችን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ኢትዮጵያ በአገራቸው ውስጥ የተፈናቀሉ ሰዎችን የሚጠብቀውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች፤ መታወቂያውና የመሬት ማረጋገጫው ተቃጥሎ ለቀረ ሰው ግን ያን አዋጅ ወደ አንድ ቀበሌ ደብዳቤ የሚለውጥለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም እንደዚሁ ነው። ነገ በአጣዬ የተቃጠለው ቤት ይጣራ ቢባል ምስክሩን ዛሬ ቃሉን የሚጽፍለት የለም።

የመንዟ እናት ልጅ ዳኛ ፊት ሲቀርብ እኔ አብሬው ቆሜ ነበር። መርማሪው 14 ቀን ጠየቀ፣ እኔ ተቃወምኩ፣ ዳኛው ሰባት ፈቀዱ። በሰባተኛው ቀን በዋስ ወጣ። እማማ ባናቸውን አጣጥፈው «ገንዘብ የለኝም» አሉኝና የተረፈውን በሶ ሊሰጡኝ ሞከሩ። ከእሳቸው አጠገብ ግን ሌሎች ሦስት ሴቶች ስንቅ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ የመሬት ችሎት ነበረብኝና ሄድኩ።

እንግዲህ የማኅበሩ ኃላፊዎችም፣ የዞናችን ጠበቆችም፣ ዝርዝሩን እናውጣ። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ አረርቲ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእነዚህ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ለእኔ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ።