ማጅስትሬት ዳኛም ዳኛ ነው
ስለ ፍርድ ቤቶች ያነበብኩት ጽሑፍ የአሜሪካ ፌዴራል ማጅስትሬት ዳኞችን «ረዳቶች» ብሎ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እርግጥ የወረዳ ፍርድ ቤት (የፌዴራል ክስ መጀመሪያ የሚታይበት ፍርድ ቤት) ዳኛን ፕሬዝዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፣ ሹመቱም የዕድሜ ልክ ነው። ማጅስትሬትን የሚሾሙት እነዚሁ የወረዳ ዳኞች ናቸው፤ የሙሉ ጊዜ ከሆነ ለ8 ዓመት፣ ሊታደስም ይችላል። ግን ሰው በፌዴራል ወንጀል ሲያዝ መጀመሪያ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ማጅስትሬቱ ፊት ነው። የብርበራ ፈቃድ ይፈርማል፣ ዋስትና ይወስናል። ባለጉዳዮቹ ከተስማሙም የፍትሐ ብሔር ክስን እስከ ፍርድ ያያል። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1990 «ዳኛ» የሚለውን ማዕረግ የጨመረላቸው እኮ ያለ ነገር አይደለም።

እኔን የዜግነት መሐላ ያስማለችኝ ማጅስትሬት ዳኛ ነበረች። ከወንበሯ ወርዳ ሁላችንንም አንድ በአንድ ጨበጠችን። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ፣ በሦስተኛው አስተካክላ ጠራችው።