የአንጋፋ ድምፃዊ ኮንሰርት እንዲህ አይዘጋጅም!

ሃምሳ ዓመት የዘፈነ ሰው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሲያዜም ግጥሙ ለምን አይሰማም? ድምፁ ስለደከመ አይደለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ ለቆመ ታዳሚ የዋናው ስፒከር ድምፅ የሚደርሰው ከ0.1 ሰከንድ በኋላ ነው። እዚያ የተተከለው ረዳት ስፒከር በዚያው ልክ እንዲዘገይ ካልተደረገ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ማስተካከያው የደቂቃዎች ሥራ ነው! ግን ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻው) የሚጀመረው ሕዝቡ በር ላይ ከተሰለፈ በኋላ ነው።

ቤዙማ (ወፍራሙ ድምፅ) አይነሳ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ልክ ሲለቀቅ አዳራሹ ያጓራል፣ ማሲንቆውም ይዋጣል። ቢያንስ የዘፋኙ ማይክ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እንዲቆርጥ አድርጉ እንጂ! ሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት የመድረክ ስፒከር) ደካማ ሲሆን ደግሞ ሰውየው ራሱን ስለማይሰማ ይጮሃል፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጉሮሮው ይዘጋል።

በዚያ ላይ ትኬቱ ምሽት 12 ሰዓት ይላል፣ አንጋፋው መድረክ የሚወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ባንዱም በጎልማሳነቱ ይዘፍንበት የነበረውን የድምፅ ከፍታ ይዞ ይጠብቀዋል። በአንድ ወይም በሁለት ሰሚቶን (ትንሽ የድምፅ ከፍታ እርከን) ዝቅ ቢያደርጉለት ምን ነበረበት?