ገበያ የተዋቸውን ቪዲዮ ጌሞች ማን ያቆይ? ክርክር

የክርክሩ ርእስ፦ «ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ከሽያጭ የወጡ ቪዲዮ ጌሞችን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ቀድተው ለተመራማሪዎች በኢንተርኔት ሊያቀርቡ ይገባል።» ደጋፊዋ የቤተ መዛግብት ባለሙያ ናቸው፤ ተቃዋሚው የስልክ ጌሞችን የሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ናቸው። የአዋጁ ቁጥር ከያዘው ዓመት በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦
«የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ለገበያ ከዋሉት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ከሽያጭ ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ የተባሉ የጌም ማሽኖቹን የኢንተርኔት መደብሮች ሲዘጋ፣ በካሴትም ሆነ በዲስክ ታትመው የማያውቁ ጌሞች በአንድ ቀን የሚሸጥባቸው ቦታ አጡ። ከገበያ የወጣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መቶ ዓመት ይቆያል፤ ጌም ግን ያለ ማሽኑ አይነበብም፣ ማሽኑም ይሞታል። ሌላው ጌም ሠሪ ኩባንያ ካፕኮም በ1993 ሥራ ላይ ያዋለውን «ሲፒኤስ 2» የተባለውን የመጫወቻ አዳራሽ ሰሌዳ እንውሰድ። ፕሮግራሙ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ሲሆን፣ ቁልፉ የሚኖረው በአንዲት አነስተኛ ባትሪ ኃይል ብቻ ይዘቱን በሚይዝ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ባትሪዋ ስትደክም ቁልፉ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ሳይሰበር፣ ፕሮግራሙም በቺፖቹ ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ጌሙ አይነሣም። ኩባንያው ይህን ያደረገው ሰው እንዳይቀዳበት ነው። ምስጠራው የተፈታው በ2007 ሲሆን፣ የፈቱትም ከኩባንያው ውጭ የሆኑ፣ ነገሩን በፍቅር የያዙ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ለድርጅት የተሠራ ሥራ ከታተመ በኋላ ለ95 ዓመት በባለመብቱ እጅ ይቆያል፤ ያችን ያህል የምትኖር ባትሪ የለችም።

የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ግን ቤተ መጻሕፍት የጠበቋቸውን ጌሞች ከግቢያቸው ውጭ ለተመራማሪ እንዲያሳዩ የቀረበለትን ጥያቄ በ2024 ሳይቀበለው ቀርቷል። ለሌሎች የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይህንኑ ከፈቀደ ቆይቷል። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ውስጥ የሚገኘው ስትሮንግ ቤተ መዘክር ከዓለም ትልልቅ የጌም ስብስቦች አንዱን ይዟል። የዚህን ጥበብ ታሪክ ለማጥናት የምትፈልግ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ፕሮግራም ከፍታ ለማየት ቪዛ መጠየቅ ሊኖርባት ነው። ይህን ተቀብዬ ዝም ማለት አልችልም።

ተቃዋሚ፦
ታሪክ እንዳይጠፋ የሚፈልጉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ አድርገው መጻፍዎ አሳዝኖኛል። የምቃወመው መንገዱን ነው። ከሽያጭ የወጣ ማለት የተጣለ ማለት አይደለም፤ ኒንቴንዶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ጌሞቹን ዛሬም በደንበኝነት ክፍያ ያቀርባል። አንድን ሥራ ከባለቤቱ የበለጠ የሚጠብቀው የለም፤ ጥቅሙም ክብሩም ያለው እዚያ ነውና። ቢሮው ጥያቄውን ያልተቀበለበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ ለጥናት ተብሎ የተከፈተው በር ለመዝናኛ መዋሉ አይቀርም። ጌም መጽሐፍ አይደለም፤ ተመራማሪው ሲከፍተውና ተጫዋቹ ሲከፍተው ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ ነው። ታዲያ ተመራማሪው ማን እንደሆነ በርቀት የሚለየው ማን ነው?

ይህን የምጽፈው ዳር ቆሜ አይደለም። ለወራት የደከምኩበት የስልክ ጌም ስሙና አርማው ብቻ ተቀይሮ፣ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ተለጥፎበት ሲሰራጭ አይቻለሁ። የጠቀሱት ፋውንዴሽን ራሱ በ2025 የከፈተው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የጌም መጽሔቶችንና የአሠራር ሰነዶችን ለማንም ያቀርባል። ታሪክ በዚህ መንገድ ይጠና፤ ሰነዱ፣ ቃለ መጠይቁ፣ የጨዋታው ቪዲዮ ለተመራማሪ በቂ ነው።

ደጋፊ፦
«አንድን ሥራ ከባለቤቱ የበለጠ የሚጠብቀው የለም» ብለዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር የክርክርዎ ምሰሶ ስለሆነ ሳልመረምረው አላልፍም። ስኩዌር የተባለው የጌም ኩባንያ በ2002 ያወጣውን «ኪንግደም ሃርትስ» አድሶ በ2013 ሊያወጣ ሲነሣ ዋናዎቹ የሥራ ፋይሎች ጠፍተው ስለነበር ሠራተኞቹ ብዙውን ነገር እንደገና ለመሥራት ተገድደዋል። ሌላው ኩባንያ ኮናሚ በ2012 ሁለት የ«ሳይለንት ሂል» ጌሞችን ሲያድስ የተጠናቀቀው ኮድ (ጌሙ የተጻፈበት የፕሮግራም ጽሑፍ) በእጁ ስላልነበረ ባላለቀ ኮድ ላይ ተመሥርቶ የወጣው ሥራ በስሕተት የተሞላ ሆነ። የ1989ኙ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ደራሲ ጆርዳን ሜክነር የራሱን ኮድ ለዓመታት ሲፈልግ ቆይቶ ያገኙለት አባቱ ናቸው፤ በ2012፣ ከሣጥን ውስጥ፣ በፍሎፒ ዲስክ። አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያም በ1983 ያልተሸጡ ካሴቶቹን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀብሯል፤ በ2014 ተቆፍረው ከወጡት መካከል ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም የሚገኙ አሉ። ባለቤቱ የቀበረውን የጠበቀው ቆሻሻ መጣያው ነው።

ቪዲዮ ይበቃል የሚለውንም አልቀበልም። በ1980 በወጣው «ፓክማን» ውስጥ ተጫዋቹ የሚነዳውን ፓክማንን መንፈሶች ያሳድዱታል፤ ሮዟ መንፈስ የምታነጣጥረው ፓክማን የቆመበትን ቦታ ሳይሆን ከፊቱ አራት ጡብ (ሜዳው የተከፋፈለባቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች) ያህል የራቀውን ነው። ፓክማን ፊቱን ወደ ላይ ሲያዞር ግን በስሌቱ ውስጥ ባለ ስሕተት ምክንያት ዒላማዋ አራት ጡብ ወደ ግራም ይዛነፋል። የጨዋታውን ቪዲዮ ሺህ ጊዜ ቢያዩት መንፈሷ ስትዞር ያያሉ እንጂ ለምን እንደዞረች አያዩም። ይህን የምናውቀው ፕሮግራሙን ከቺፑ ቀድተው መስመር በመስመር ያነበቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እነዚህን ሰዎች የእርስዎን ጌም ከሰረቀው ሰው ጎን ማቆምዎ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩበትን ሙያም አብረው ማቆምዎ፣ ተገቢ አይደለም።

ተቃዋሚ፦
ሙያዎን አልነካሁም። የኩባንያዎችን ቸልተኝነት ዘርዝረዋል፤ ቸልተኛ የሆነ ባለቤት ግን ንብረቱን አያጣም። እኔ የጠየቅሁትን ጥያቄ ደግሞ አልፈውታል፦ ተመራማሪው ማን ነው? በዚህ ላይ አንድ ቃል አልጻፉም።

የእርስዎ መንገድ ራሱን ችሎ የማይቆም መሆኑንም ላሳይ። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨሮች በመጋቢት 2024 መጨረሻ ዘጋ። ብቻዎን ቢጫወቱ እንኳ ከሰርቨሩ ጋር ካልተገናኙ ጌሙ አይነሣም ነበር። ዲስኩን የፈለጉትን ያህል ቢቀዱ በእጅዎ የሚቀረው ግማሽ ጌም ነው። ሌላው ግማሽ በኩባንያው ማሽን ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አብረው የሚነዱ ሰዎች ነበሩ፣ እነርሱን የሚቀዳ ቤተ መዛግብት የለም። የዛሬዎቹ ጌሞች በብዛት እንዲህ ያሉ ስለሆኑ፣ የሚመጣው ዘመን ታሪክ የሚጻፈው እኔ ባልኩት መንገድ ነው፤ በሰነድ፣ በቪዲዮና በተጫዋቾች ምስክርነት።

ደጋፊ፦
«ዘ ክሩ»ን ማንሣትዎ ለእኔ ነው። ያን ጌም ማን ገደለው? ከማንም የበለጠ ይጠብቀዋል ያሉት ባለቤቱ። ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከገዢዎቹ አካውንት ውስጥ ፈቃዱ ሳይቀር ተነሥቷል። በዚህ ቁጣ የተነሣ ሮስ ስኮት የተባለ፣ ስለ ጌሞች ቪዲዮ የሚሠራ ሰው የጀመረው ዘመቻ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአውሮፓውያንን ፊርማ አሰባስቧል። ጥያቄያቸው ሰርቨር ለዘላለም ይከፈት የሚል አይደለም፤ ሻጩ ሲሰናበት ገዢው በራሱ መንገድ ሊያስነሣው በሚችል ሁኔታ ትቶለት ይሂድ የሚል ነው። ሥራው ሲጀመር ታስቦበት ቢሆን ኖሮ ይህ የማይቻል ነገር አልነበረም፤ የሚያስቸግረው በመጨረሻው ቀን የታሰበ እንደሆነ ነው። ቤተ መዛግብት የሚቀዳው ሙሉ ነገር እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግም ከዚሁ ጋር መምጣት አለበት።

እስቲ ወደ ራስዎ ልመለስና ልጠይቅዎት፤ ስለ ጥበቃ ሲጽፉ እንደ ባለቤት ነው የጻፉት። መጀመሪያ የሠሩት ጌም ዛሬ በየትኛው ስልክ ላይ ይነሣል? አንድሮይድ በተቀየረ ቁጥር አድሰውታል? ኮዱስ ከእርስዎ ላፕቶፕ ሌላ የት ተቀምጧል?

ተቃዋሚ፦
ይህ ጥያቄ የግል ነው፤ ቢሆንም እመልሳለሁ። የመጀመሪያ ጌሜን ከመደብሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት፣ በችኮላ የተለቀቀ፣ ዛሬ ስሜ እንዲጠራበት የማልፈልገው ሥራ ነው። ደራሲ ረቂቁን የመቅደድ መብት አለው፤ ጌም የሚሠራ ሰው ይህ መብት የማይኖረው ለምንድን ነው? እርስዎ የሚሉት ሕግ ቢኖር ያ ሥራ እስከ ዛሬ በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ይገላበጥ ነበር። ባለመብት ሲባል ሁልጊዜ በቢሊዮን የሚሸጥ ኩባንያ ብቻ የሚታይዎት ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለትና በሦስት ሰው የሚሠሩ ቤቶችም በዚያው ሕግ ሥር እንደሚወድቁ ያስቡበት። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት በገደብ የመቅዳት ፈቃድ ይሰጣል፤ ገደቡ ግን ያለ ምክንያት አልተቀመጠም።

መፍትሔ አቀርባለሁ። ገንቢው ኮዱን በፈቃዱ ለቤተ መዛግብት ያስረክብ፤ ዘመነ መብቱ እስኪያበቃ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ይከፈት።

ደጋፊ፦
ያ ሥራ ረቂቅ አልነበረም። ለሕዝብ አውጥተውታል፣ ሰዎችም ስልካቸው ላይ ጭነው ተጫውተውታል፤ ታትሞ የተሰራጨን መጽሐፍ ደራሲው ከየሰዉ ቤት ሰብስቦ አይቀድደውም።

ታሽጎ ይቀመጥ ያሉትን ደግሞ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ልመልስልዎ። ፍሎፒ ዲስክ ላይ ያለው ማግኔት እየደከመ ይሄዳል፤ የተቃጠለ ሲዲ ቀለሙ ይበላሻል፤ ፍላሽ ሜሞሪ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት ከተቀመጠ ይዘቱን ሊጥል ይችላል። ዘጠና አምስት ዓመት ታሽጎ የሚቆይ ዲስክ ሲከፈት ባዶ ነው። እኛ የምናደርገው በየጊዜው አውጥተን ማንበብ፣ ፋይሉ አንድ ቢት እንኳ አለመለወጡን ማመሳከር፣ ወደ አዲስ ዕቃ መቅዳት፣ ከዚያም በኢሙሌተር (የቀድሞውን ማሽን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም) አስነሥተን መሥራቱን ማየት ነው። ይህን ሁሉ ባለመብቱን እያስፈቀድን እናድርገው ቢባል፣ ኩባንያው ከከሰረ ወይም በሌላ ከተገዛ በኋላ ባለመብቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ራሱ አይገኝም።

ተቃዋሚ፦
ለጥበቃ ሲባል በግቢያችሁ ውስጥ መቅዳትን፣ ማመሳከርንና ማስነሣትን አልከለከልኩም፤ ባለመብቱ ካልተገኘም ቅዱ። የእኔ ጥያቄ ፋይሉ ከግቢው ወጥቶ በኢንተርኔት ስለሚሄድበት ሰው ነው፤ ያንን ሰው በምን እንደሚለዩት ሦስት ጊዜ ጽፈው አንድም ጊዜ አልነገሩኝም።