ግንዛቤ ይጨበጥላቸው!

አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችና የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች የሕክምና ሳይንስን ይጠራጠራሉ የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ አንድ ባለሙያ ጉሮሮውን ይጠራርግና «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይላል። እጅ ነስቻለሁ! በሦስት ቃል ጠያቂውም፣ ተጠያቂውም፣ ታሪኩም አብረው ይሰናበታሉ። እንዲህ ዓይነት ፈጣን መድኃኒት የትኛውም ላቦራቶሪ አልቀመመም።

ግንዛቤ ማጣታቸውስ እውነት ነው። አላባማ ቱስኬጊ አካባቢ የነበሩት 399 ጥቁር የቂጥኝ ሕመምተኞች ምንም ግንዛቤ አልነበራቸውም። ማን ሰጥቷቸው? የመንግሥት ሐኪሞች «መጥፎ ደም አለባችሁ» ብለው እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ሲከታተሏቸው ኖሩ። ክትትል ነው ያልኩት፤ ሕክምና አላልኩም። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ የበሽታው ዋና መድኃኒት ሲሆንም እነሱ ዘንድ አልደረሰም። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ የሚቀዳበት ጊዜ ግን ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ልዩ ነፃ ሕክምና፣ የመጨረሻ ዕድል! ደግሞ ቸርነቱ፦ የቀብር ወጪያቸውም ተሸፍኗል። አስከሬኑ ይመርመር ብለው እሺ እስካሉ ድረስ ነው እንጂ።

አሪዞና ያሉት ቀደምት ሕዝቦች፣ ሃቫሱፓዮችም ያው ናቸው። በ1990 ገደማ ለስኳር በሽታ ጥናት ተብሎ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። ደሙ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመምና ለዘር አመጣጥ ምርምር መዋሉን ሲሰሙ ከሰሱ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ከፍሎ የተረፈውን ደም መለሰ። ምን ዓይነት ቁጡ ሕዝብ ነው!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ባለሙያዎቹ ግን የተወጋውም እንዲረሳ በራሪ ወረቀት ያድላሉ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ጋወን የለበሰ ጥቁር ሐኪም ፈገግ ብሏል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲሆን ቁጥሩን ካለው በላይ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ለመጻፍ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ቦታ ጠበበ።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያበላሽ አንድ ነገር ብቻ አለ። በ2006 የወጣ፣ ከ70,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን የፈተሸ ሥራ፣ ጥቁሮችም ሂስፓኒኮችም (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) በምርምር ተሳተፉ ሲባሉ ከነጮቹ እምብዛም ባልተለየ መጠን እሺ እንደሚሉ አሳየ። ታዲያ ቀድሞ ጠርቶ መጠየቅ አይሻልም ወይ? ኧረ ተዉ፣ በራሪ ወረቀቱ እኮ ታትሞ አልቋል!