ቀላል ሥራ የወገብ ሕክምና አካል ሆኖ ይቆጠር

በጎንደር ቅዳሜ ገበያና በአዘዞ አካባቢ እህል፣ ሰሊጥና ሲሚንቶ የሚጭኑና የሚያወርዱ ሠራተኞች ወገባቸው ሲጎዳ የሚከተሉት መንገድ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ይታሻሉ፤ ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይገዛሉ፤ ካልተሻላቸው ገንዘብ ያገኘ ኤምአርአይ የሚባለውን የውስጥ አካል ምስል ይነሣል፣ ያላገኘ ቤቱ ይተኛል። እየተንቀሳቀሱ የሚያገግሙበትን ቀላል ሥራ ግን የሚያዝላቸውም የሚሰጣቸውም የለም። በእኔ እምነት ለተጎዳ ሠራተኛ ቀላል ሥራ መስጠት ከአሠሪ ቸርነት የሚጠበቅ ውለታ መሆኑ ቀርቶ ከሕክምናው እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል።

ሸክም በማንሣት የሚመጣው የወገብ ሕመም በአብዛኛው የጡንቻና የጅማት ጉዳት ሲሆን፣ ብዙው በ6 ሳምንት ገደማ ውስጥ ይሻላል ወይም በእጅጉ ይቀንሳል። ቀድሞ ይታዘዝ የነበረው ረጅም የአልጋ ዕረፍት ጡንቻን እንደሚያደክምና ማገገምን እንደሚያዘገይ ስለታወቀ፣ ዛሬ የሚመከረው ሕመሙ የፈቀደውን ያህል መንቀሳቀስ ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉት ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ፤ ሠራተኛው ሸክሙን ለመቀጠል ሲል ለወራት ከዋጣቸው ግን ጨጓራውን ሊያደሙ፣ ኩላሊቱንም ሊጎዱ ይችላሉ። ዲስክ የሚባለውን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ መሰል አካል በሚመለከት «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለውም ቃል ሰውን ከሚገባው በላይ ያስፈራል፤ ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ ተመሳሳይ ለውጥ ይገኝባቸዋል፣ ነርቭ የተጫነ ዲስክም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል።

ለመዘግየት ፈጽሞ የማይፈቅዱ ምልክቶች ግን አሉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ የደነዘዘበት ወይም እግሩ እየሰነፈ የሄደ ሰው ቀዶ ሕክምና በአስቸኳይ ሊያስፈልገው ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ሲመጡ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት፤ ይህን በማሸት ማዳን አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴን፣ ትምህርትና ምክርን፣ ማሸትንም ጭምር ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶንና ወገብን መጎተትን ግን አልመከረም። ስለዚህ ወጌሻን በጅምላ የሚያጣጥሉ የሕክምና ባለሙያዎች ትንሽ ረጋ ቢሉ መልካም ነው፤ ወጌሻውም ጡንቻ ከማሸት አልፎ አከርካሪ ሊጎትት ሲል ሊከለከል ይገባዋል። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴና መሰል ዘዴዎች የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያዎችን በዲግሪ ስለሚያሠለጥን ከተማዋ በዚህ ረገድ ከብዙዎች የተሻለች ናት። ወገብን የሚያጠናክረው እንቅስቃሴም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንዴ በትክክል ካሳዩት ሰው ቤቱ ምንጣፍ ላይ ሊሠራው ይችላል። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ጫኝና አውራጅ ደግሞ የሌለው ይኸው ጊዜ ነው።

ሕጉ ይህን አስቦበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ የሕክምና ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል፤ ለጊዜው መሥራት ላልቻለም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን ክፍያ ይደነግጋል። የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ስለሚችል «የተፈረመ ወረቀት የለህም» የሚለው መልስ ብቻውን አያስኬድም። ችግሩ በጆንያ ቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ አሠሪው ነጋዴው ይሁን የመኪናው ባለቤት ወይም የቡድኑ አለቃ ሳይለይ መቅረቱ ሲሆን፣ ወገቡ በተቀጨ ዕለት ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ።

«እኔ ዘንድ ቀላል ሥራ የለም» የሚሉ ነጋዴዎችን እሰማለሁ። ጆንያ የሚቆጥር፣ ሚዛን ላይ የሚቆምና ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ሰው የማያስፈልገው መጋዘን አላውቅም። ሸክሙንም ራሱን ማቅለል ይቻላል፤ በ1967 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ክብደት ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ሲያሳስብ፣ የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ከሸክም ተርፎ በፊዚዮቴራፒ ያገገመን ሰው ወደዚያው ኩንታል መመለስ ሕክምናውን ከንቱ ያደርገዋል።

አሠሪዎች ቀላል ሥራ መስጠት እስኪጀምሩ ድረስ ሐኪሞች በአንድ ነገር ሊጀምሩ ይችላሉ። የሕክምና ወረቀቱ ላይ «የ7 ቀን ዕረፍት» ብሎ ከመተው ይልቅ፣ ሠራተኛው ለስንት ሳምንት ከስንት ኪሎ በላይ ማንሣት እንደሌለበትና ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚችል ቢጽፉ፣ ጉዳተኛው ለአሠሪውም ሆነ ለሥራ ክርክር ሰሚው አካል የሚያቀርበው ግልጽ ማስረጃ ይኖረዋል።