ማስተካከያ፦ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ መመለሻ ዓመት

ባለፈው ሳምንት የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በየ76 ዓመቱ ሳያዛንፍ እንደሚመለስ፣ ቀጣዩም እ.ኤ.አ. በ2062 እንደሚሆን ጽፌ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የምህዋር ስሌትና ጥንታዊ የምልከታ መዛግብት እንደሚያሳዩት፣ አንዱ ዙር ከ74 እስከ 79 ዓመት ይወስዳል። የፀሐይ ስበት በተለጠጠ ምህዋር ስለያዘው ይመለሳል፤ ነገር ግን የጁፒተርና የሳተርን ስበት፣ እንዲሁም የጅራታም ኮከቡ በረዶ በፀሐይ ሙቀት ሲተን የሚፈጠረው ግፊት አንዴ ያፋጥኑታል፣ አንዴ ያዘገዩታል።

ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2061 መሆኑ ነው። 2062ን የሚጠብቅ ሰው ያመልጠዋል። በእኛ አገር ወሩ የክረምት ደመና የሚበዛበት መሆኑ ያሳዝናል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከታየው ይልቅ ደምቆ እንደሚታይ ይጠበቃልና።