ቤቱ ይጠረግ፣ ኪሱ አይጠረግ

ጳጉሜ ደመወዝ የለውም፤ ሥራ ግን ሞልቶታል። ዓመቱን ሙሉ በየጥጋጥጉ የተጠራቀመው ሁሉ በእነዚህ አምስት ቀናት (በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናሉ) ተጠርጎ ማለቅ አለበት። ለጤና ብለን እንዳይመስላችሁ፤ ለእንቁጣጣሽ እትዬ እንትና ስለሚመጡ ነው። ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸው የት የት እንደሚዞር ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ጽዳቱም የሚታቀደው በእሳቸው ዓይን ልክ ነው። ቡፌው ይወለወላል፣ የቡፌው ጀርባ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ከዚያ ገበያ ይወጣል። ለወለሉ አንድ ፈሳሽ፣ ለመስታወቱ ሌላ፣ ለምድጃው ሌላ፣ ለሽንት ቤቱ ሌላ። በየጠርሙሱ ላይ ወለል እየፈተገች የምትስቅ ሴትዮ አለች፤ በየትኛው ሰፈር እንደምትኖር የሚያውቅ የለም። ለአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት በረኪና፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ አቼቶ እና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃሉ። ከዚህ በላይ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ሽታ ነው።

ገንዘቡንም ቢሆን ቤቱ ራሱ ያወጣዋል። ከባልዲው በፊት ቁራሌው ይጠራ። አልጋ ሥር የተኛው የተቃጠለ ምድጃ፣ «አንድ ቀን ይሠራል» እየተባለ አሥር ዓመት የቆየው ቴፕ፣ ባዶው ጠርሙስ ይሸጥ፤ የማይለበሰው ልብስ በልዋጭ ሳፋ ይሁን። ያልወጣ ዕቃ በየዓመቱ እየተነሣ፣ አቧራው እየተራገፈ፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ይኼም ጽዳት ይባላል። ፌስታል የታጨቀበትን ፌስታል ግን የሚደፍር የለም። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ ከወጣ ወዲህማ ቅርስ ሊሆን ምን ቀረው!

ጨርቅ አይገዛም። ያረጀ የጥጥ ቲሸርትና አሮጌ አንሶላ ውሃ ይጠጣል። ፖሊስተር የሆነው የሩጫ ቲሸርት ግን ውሃውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያሯሩጠዋል እንጂ አይጠጣም፤ የተሠራው ለዚያው ነውና። የተጣለ የጥርስ ብሩሽ ለሴራሚክ ስፌት ይቀመጥ።

ገንዘቡ የሚቃጠለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማንም ሰው ከወለሉ ይጀምራል፣ ምክንያቱም ወለል ሲያበራ ልብ ይረካል። ከዚያ ቀና ሲል የሸረሪት ድር ያያል። ድሩ ሲነካ አቧራው ይወርዳል፣ ወለሉ እንደገና ይታጠባል፣ ሳሙናው በእጥፍ ያልቃል። ስለዚህ ከኮርኒስ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ወለል፤ ደረቁ ሳያልቅ እርጥቡ አይጀመርም። እንጨት ጫፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ኮርኒሱን መጥረግ ነው። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አስነሥቶ ግማሹን መልሶ ቡፌው ላይ ያሳርፈዋል።

ወጥ ቤት ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ከምድጃው በላይ ያለው ሴራሚክ ላይ የዓመቱ ቁሌት ሁሉ ፊርማውን አኑሯል። እዚህ ላይ የክርን ጉልበት አይጠቅምም። አንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና መበጥበጥ፣ ጨርቁን በደንብ ነክሮ ግድግዳው ላይ መለጠፍና 15 ደቂቃ ቡና መጠጣት ነው። ሳሙና ቅባቱን እስኪፈታ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን ረጭተን ወዲያው እንፈትጋለን፣ አልለቅ ሲል ሳሙናውን እንሰድባለን፣ ከዚያ ውዱን እንገዛለን። ለጠቆረ የብረት ድስት ቂጥ የተነፋ አመድ ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል፤ አልሙኒየም ግን አመድ ያጠቁረዋል፣ የማያጣብቀውን መጥበሻም ይፍቀዋል።

ቲክቶክ ላይ የምትታየው ደግሞ አለች፤ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳ አቼቶ ታፈስበታለች። አረፋው ደስ ይላል። ግን ሁለቱ ተጣልተው አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ አረፋው ሲበርድ የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ነው። ሶዳው ለብቻው በጥቂት ውሃ ተለውሶ ያረረ ነገር ይፍቃል። አቼቶውም ለብቻው፣ ከውሃ ጋር እኩል ተደርጎ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲፈላና ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ነጩን የውሃ ቅርፊት ያስለቅቃል። እምነ በረድና ሊሾ ላይ ግን አይፈስም፤ አሲድ ነውና ይበላቸዋል።

አሁን ወደ በረኪናው፣ ማለትም በጣም ወደምናምነውና በጣም ወደማናውቀው። እምነታችን ብዙ ሲፈስና ዓይን ሲያስለቅስ ቤት ይነጻል የሚል ነው። በረኪና ግን ቆሻሻ አያጥብም፤ ተሕዋስ ነው የሚገድለው። መጀመሪያ በሳሙና ባልታጠበና ባልተለቀለቀ ወለል ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ እርጥቡን 10 ደቂቃ ተትቶ ከዚያ ይለቀለቃል። በሙቅ ውሃ ከሆነ ይዳከማል፣ ጭሱም ይብሳል። የተበጠበጠው ለነገ አያድርም። ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። «ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ አንድ ላይ ቢሆኑ የበለጠ ነው» የሚለው ሒሳብ ለሽሮና በርበሬ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም። ተቀንሶ ሃይላንድ ውስጥ የተቀመጠ በረኪና ደግሞ ለሕፃን ውሃ ነው፤ በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ክረምቱ የተወልን ሻጋታ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አለ። ቀለም ይቀባበታል፤ በየካቲት ቀለሙን ገልጦ ሰላም ይላል። አፍ ተሸፍኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ያልተቀጠነ አቼቶ ይቀባና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠረጋል (በረኪና በነካው ቀን አይደለም)። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። አየር ካላገኘ ጤዛው ያው ነው፣ ሻጋታውም ያው።

ጳጉሜ በጎ ነገርም አላት። ደመናው መስታወት ለማጠብ ይመቻል፤ ፀሐይ ካለች ሳሙናው ሳይጠረግ ይደርቅና መስመር ይተዋል። በጋዜጣ ማድረቁ አሁንም ይሠራል፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን አንባቢ ቢያጣ እንኳ መስኮት አያጣም። ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ከጣሪያ የሚወርደው አለ፤ የመጀመሪያው ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ፣ የሚቀጥለው ይጠራቀም። ዝናብ ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። የጳጉሜ 3 ዝናብ የሩፋኤል ጠበል ነውና በመወልወያ መንከሩን ሕሊና አይፈቅድም፤ የጳጉሜ 2ቱ እና የ4ቱ ግን ይቻላል።

በመጨረሻ ዕጣን ይጨሳል፤ ጢሱ አዲስ የተጠረገው ኮርኒስ ላይ ወጥቶ የመጪውን ዓመት ሥራ ይጀምራል። ሦስት ቀን የተፈተገው ሴራሚክ ላይ ቀጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቀጤማው ላይ ፈንድሻ ይበተናል። እትዬ እንትና በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ይላሉ።

«ኧረ በሞቴ እትዬ፣ እንዳያወልቁ! እንኳን አደረስዎ፤ ይግቡ፣ ይግቡ። ቤቱን ብቻ እንዳያዩብኝ፣ እንዲህ እንደተዝረከረከ ነው የደረሱብኝ።»